ፎቶ አትበሉት፤ መርፌው እንዴት ተንቀሳቀሰ?

«የአተም ፎቶ» እየተባሉ በየገጹ ከሚዘዋወሩት ምስሎች ብዙዎቹ ፎቶ አይደሉም። ዳሰሳ ናቸው። መብራት በጠፋበት ቤት ግድግዳውን በእጁ እየዳበሰ በሩን የሚፈልግ ሰው አስቡ።

ጌርድ ቢኒግ፣ ካልቪን ኩዌትና ክሪስቶፍ ገርበር እ.ኤ.አ. በ1986 ያስተዋወቁት አቶሚክ ፎርስ ማይክሮስኮፕ የሚያየው በሌንስ አይደለም። የሚዳስሰው አንድ ጫፉ በታሰረ፣ በሌላው ጫፉ ሹል መርፌ ባለው ቀጭን ዘንግ ነው፤ ባለሙያዎቹ ካንቲሊቨር ይሉታል። በተለመደው አሠራር ዘንጉ እየተርገበገበ መርፌው ናሙናውን መታ መታ ያደርጋል። ከጀርባው የሚነጥር የሌዘር ጨረር ንዝረቱን ይከታተላል። ምስሉን የሚሠራው፣ ቀለሙንም የሚቀባው ኮምፒውተር ነው።

የፊዚክስ ክፍሉን ስፕሪንግ ታስታውሳላችሁ፤ ክብደቱ እጥፍ ሲሆን መለጠጡም እጥፍ ይሆናል። ዘንጉም ከገጹ ርቆ ሳለ እንዲሁ ጨዋ ነው። ሲጠጋ ግን መርፌው መጀመሪያ ይሳባል፣ ቀጥሎ ይገፋል፤ ያውም በጥቂት ናኖሜትር ርቀት ውስጥ። ከዚህ በኋላ ግፊትና ንዝረት እኩል አይራመዱም። እንዲያውም ያው ዘንግ፣ በዚያው ግፊትና በዚያው ከፍታ፣ በሁለት የተለያየ ስፋት ሊርገበገብ ይችላል። መሀል ላይ ከአንዱ ወደ ሌላው ከዘለለ ምስሉ ላይ ጉብታ ይወጣል። ናሙናው ላይ ጉብታ የለም።

ይህ የቲዎሪ ጭንቀት ብቻ አይደለም። የዲኤንኤ ድርብ ጥምዝ ውፍረት 2 ናኖሜትር ገደማ መሆኑ የታወቀ ነው። በዚህ መሣሪያ አየር ላይ ሲለካ ግን ቁመቱ ብዙ ጊዜ ከዚያ ያንሳል፣ አንዳንዴ ከግማሽ በታች ይወርዳል። አንደኛ መርፌው ይጫነዋል፤ ደግሞም በዲኤንኤውና በተኛበት ወለል ላይ መርፌው የሚሰማው ኃይል አንድ ዓይነት አይደለም። ትክክለኛውን መጠን ከሌላ ዘዴ ስለምናውቅ ነቃን። መልሱ ያልታወቀ አዲስ ነገር ሲለካስ?

እኔን የሚያናድደኝ ብክነቱ ነው። ሞንታርቦ ከልኩ በላይ ሲከፈት ዘፋኙ ያላወጣው ድምፅ ይጨመርበታል አይደል? ዘንጉም ገጹን ሲመታ ያልተሰጠውን ድግግሞሽ ይፈጥራል። የተለመደው መሣሪያ ግን አንዷን ድግግሞሽ መዝግቦ የቀረውን ይጥላል። በስቶክሆልም የሮያል ቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች ተቃራኒውን አደረጉ፦ ዘንጉን በሁለት ተቀራራቢ ድግግሞሾች ነቅንቀው፣ ከግጭቱ የሚወለዱትን አዳዲስ ድግግሞሾች ለቅመው፣ መርፌው የተሰማውን ኃይል መልሰው ያሰላሉ። እንከን የተባለው መረጃ ሆነ ማለት ነው።

«ለተራ ምስል ይህ ሁሉ ድካም ለምን?» የሚል አለ። ለተራ ምስል እሺ። ከምስሉ ቁጥር ወጥቶ «ይህን ያህል ይጠጥራል፣ ይህን ያህል ይረዝማል» ከተባለ ግን የዘንጉ ጥሬ ንዝረት አብሮ መውጣት አለበት፤ ሌላው ቤተ ሙከራ እንደገና እንዲያሰላው። እኛ ጋዜጠኞችም ከምስሉ ሥር «ፎቶ» ብለን መጻፉን እንተው። «በመርፌ ዳሰሳ የተሠራ ምስል» ብንል የሚጨምረው ሦስት ቃል ነው።