ሸራው ተቆጠረ፤ ቤተሰቡስ?

ሰው ከቀዬው በተፈናቀለ ቁጥር የምንሰማው ዜና አንድ ዓይነት ነው። ይህን ያህል ሸራ፣ ይህን ያህል ብርድ ልብስ፣ ይህን ያህል ጀሪካን «ተከፋፈለ» ይባላል። ፎቶግራፍ ይነሣል፤ መኪናው ይመለሳል። የመጀመሪያው ዶፍ በወረደበት ሌሊት ስንቱ ቤተሰብ ደረቅ መሬት ላይ አደረ የሚል ዜና ግን የሰማ አለ? የዚህ ጽሑፍ ጠብ ከዚሁ ላይ ነው። ዕቃ ማከፋፈልና መጠለያ ማስተባበር ለየቅል ናቸው። ሁለቱን አንድ አድርጎ የሚያወራ ሁሉ፣ ሹምም ይሁን ለጋሽ ወይም የኛው ግቢ ተማሪ፣ ራሱን ያታልላል፤ ዕዳውን የሚከፍሉት ግን በሸራው ሥር ያሉት ናቸው።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራ። የተለመደው የዕርዳታ ሸራ 4 ሜትር በ6 ሜትር ነው፤ 24 ካሬ ሜትር ማለት ነው። በዓለም አቀፉ የሰብዓዊ ዕርዳታ መለኪያ ለአንድ ሰው ቢያንስ 3.5 ካሬ ሜትር ጣሪያ ያለው ወለል ያስፈልጋል። አምስት ነፍስ ላለው ቤተሰብ 17.5 ይሆናል። አንዱ ሸራ ጣሪያም ግድግዳም ይሁን ከተባለ ከሥሩ የሚገኘው ወለል ከዚህ በብዙ ያንሳል። ሸራው ደግሞ በራሱ አይቆምም። ባላ ይፈልጋል፤ ማገር ይፈልጋል፤ ገመድና ሚስማር ይፈልጋል፤ ዙሪያውን ውሃ መውረጃ ቦይ ይፈልጋል። እንጨቱን ማን ሰጠ? ማንም ካልሰጠ ተፈናቃዩ የአካባቢውን ገበሬ ባሕር ዛፍ ሊቆርጥ ነው፤ ትናንት ከአንድ ጠብ የሸሸ ሰው ዛሬ ሌላ ጠብ ይገዛል ማለት ነው። ቦታውስ የማን ነው? ሴቶች መጸዳጃ ለመሄድ በጨለማ ስንት ይጓዛሉ? መታወቂያዋ ከቤቷ ጋር የተቃጠለባት እናት በምን ትመዝገብ? ማስተባበር ማለት ለእነዚህ ጥያቄዎች በስም የሚጠየቅ ሰው መኖር ነው። ሸራ ማውጣትማ መጋዘን ያለው ሁሉ ይችላል።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንላለን። እውነት ነው፤ ግን ድሩን የሚፈትለው ማን፣ የሚሸርበው ማን እንደሆነ ካልታወቀ የሚታሰረው አንበሳው ሳይሆን ራሱ ፈታዩ ነው። የዓለም የዕርዳታ ድርጅቶች ይህ ገብቷቸው እ.ኤ.አ. በ2005 ሥራውን «ክላስተር» በሚሉት ክፍል ክፍል ተካፈሉ። በዓለም ደረጃ ጦርነት ያፈናቀለውን ሰው መጠለያ የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን፣ የተፈጥሮ አደጋ ያፈናቀለውን የቀይ መስቀልና የቀይ ጨረቃ ማኅበራት ፌዴሬሽን እንዲመራው ተደረገ። በኛ አገር ደግሞ ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት ከመንግሥቱ የአደጋ ሥጋት ሥራ አመራር መሥሪያ ቤት ጋር ሲያስተባብር ቆይቷል። አሳቡ ደግ ነው። መከራ ግን በክፍል አይመጣም። ከጠብ ሸሽቶ የመጣ ሰው የሚሰጠው መሬት አብዛኛውን ጊዜ ሌላው ያልፈለገው ረባዳ ነው፤ ክረምት ሲገባ ጎርፍ ይነቅለዋል። ይህ ሰው በየትኛው መዝገብ ይጻፍ? የጦርነት ነው ወይስ የውሃ? መዝገቦቹ እስኪነጋገሩ ልጁ ሳል ይጀምረዋል።

ለአብነት ጌዴኦን እንይ። በሚያዝያ 2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ ግጭት ተነሣ። የተፈናቀለው ብዙው ወዲያው «ተመለስ» ተባለና ተመለሰ፤ በሰኔ ግጭቱ ከፊተኛው ብሶ አገረሸ፤ የተፈናቃዩ ቁጥር ወደ አንድ ሚሊዮን ተጠጋ። ያውም በክረምት! ትምህርት ቤቱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ያላለቀው ሕንጻ ሁሉ በሰው ተሞላ። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ግድም ደግሞ መጠለያዎቹ ፈረሱ፤ ሕዝቡ ተመለሰ ተባለ። ወደ ምን? ብዙው የተመለሰው ቤቱ ወደተቃጠለበት ቦታ ነው። ከአንዱ ሸራ ወደ ሌላው ሸራ፤ አልሸሹም ዞር አሉ! በወረቀት ላይ ግን የ«ተፈናቃይ» ዓምድ ቀንሶ የ«ተመላሽ» ዓምድ አድጓል።

«ደህና መጠለያ ከሠራህለት እኮ አይመለስም» የሚል ክርክር በየላውንጁ ይሰማል። እግዜር ያሳያችሁ! የጌዴኦ ገበሬ እንሰቱንና ቡናውን ትቶ ለሁለት ክንድ ክፍል ይቀራል? ሰው የሚቀረው ፈርቶ ነው። ፍርሃቱን ያላስወገደ ሰው ጣሪያውን በማሳሳት ሊያባርረው መሞከሩ ግፍ ነው። አገራችን በ2012 ዓ.ም. የአፍሪካ ኅብረትን የካምፓላ ስምምነት አጽድቃለች። ስምምነቱ መንግሥት ለተፈናቃይ መጠለያ እንዲያቀርብ፣ መመለስም በፈቃድ፣ በደኅንነትና በክብር እንዲሆን ያዛል። ከዚህ በኋላ መጠለያ መብት እንጂ ምጽዋት አይባልም።

ሌላው ክርክር «ገንዘብ የለም» የሚለው ነው። የለም፤ እሺ ይሁን። ቀን መቁጠርስ ገንዘብ ይጠይቃል? ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. ደቻቱ ድሬዳዋን በሌሊት ሲመታ ከ250 ሰው በላይ ሞተ። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ዝናቡ የሚጥለው ከላይ ከደጋው ነው። ከሳምንት በኋላ ኦሞ ሞልቶ በዳሰነች ከ300 በላይ ሰው ወሰደ። ዋቢ ሸበሌ በጥቅምትና በኅዳር 2016 ዓ.ም. ቆላውን ሲያጥለቀልቅ፣ ከባሌና ከሐረርጌ ደጋ የሰበሰበውን ውሃ ይዞ ጎዴ፣ ቀላፎና ሙስታሂል ለመድረስ ቀናት ይፈጅበታል። ወንዙ መንገድ ላይ ሳለ ባላውና ሸራው ከፍ ያለ ቦታ ላይ ካልደረሰ፣ በኋላ የሚሆነው ድስት ጥዶ ማልቀስ ነው። ውሃ ቀጠሮ አክባሪ ነው፤ ቀጠሮ የምናፈርስ እኛ ነን።

የኛስ ነገር? ተፈናቃይ የሚያድርበት ክፍል የሌላ ልጅ መማሪያ ነው። በትግራይ ትምህርት ቤቶች በ2012 በወረርሽኙ ተዘጉ፤ ጦርነቱ ተከተለ፤ የፕሪቶሪያ ስምምነት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ከተፈረመ በኋላም በመቀሌና በሽሬ ብዙ ክፍሎች የተፈናቃይ መኖሪያ ሆነው ቆዩ። የመጠለያ ጉድለት ሁለት ሕፃናትን ያጋጫል፤ አንዱ ጣሪያ፣ አንዱ ጥቁር ሰሌዳ አጥቶ። ለዚህ መልሳችን ምን ነበር? አሮጌ ልብስ በካርቶን! ልብስ መስጠት አይነወርም፤ ካርቶኑን አስረክቦ «ተወጣሁት» ማለት ግን ነውር ነው።

«ይህ የባለሙያ ሥራ ነው፤ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ምን አገባው?» የምትሉኝ አላችሁ። በሚገባ ያገባዋል! መዝገብ በቋንቋ ይጻፋል። የተፈናቃዩን ቋንቋ የሚያውቅ ተማሪ ስሙን ሳያጣምም ይመዘግባል፤ ቅሬታውን ይጽፍለታል፤ የጂኦግራፊው ጓደኛችን ውሃ የሚተኛበትን ቦታ ለይቶ ያሳያል፤ የሕጉ ተማሪ መታወቂያ ለጠፋባት ማመልከቻ ያዘጋጃል። የግቢው የዕርዳታ ኮሚቴም ከእንግዲህ ገንዘባችንን ሲጠይቅ አራት ነገር ይመልስልን፦ እንጨቱን ማን ያቀርባል? መሬቱ የማን ነው? ቦታውን ሲመርጡ ተፈናቃዮቹ፣ በተለይም ሴቶቹ፣ ተጠይቀዋል? ከወር በኋላ ተመልሶ የሚያይ ማን ነው?

መልስ ካለው ኪሳችንን እናራግፍ፤ ጉልበታችንንም እንጨምር። መልስ ከሌለው ግን የሸራ ቁጥር አያንብብልን። ቁጥሩ ዝናብ አያስጥልም።