ከኦፕራሲዮን በኋላ ስለሚመጣ ማቅለሽለሽና ማስታወክ

ከሻኪሶ ተነሥቶ በአዶላና በቦሬ ደጋ አልፎ ወደ ሐዋሳ የሚሄድ መንገደኛ ራሱ እየዞረ ሆዱም እየታወከ የተሠቃየ እንደ ሆነ፥ ባልንጀሮቹ መስኮት ይከፍቱለታል፤ ሎሚም ያሸቱታል። ከደረሰ በኋላ ግን ነገሩ ይረሳል። እኛ ግን እንዳይረሳ እንለምናለን፤ ኦቶሞቢል የሚያጥወለውለው ሰው ኦፕራሲዮን በተደረገ ጊዜ ከሌላው ይልቅ የሚያስታውክ ነውና።

ከማደንዘዣ በኋላ ማስታወክ፥ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1846 ዓ.ም. ኤቴር የሚባለው መድኃኒት በቦስተን ከተማ በሕዝብ ፊት ከታየበት ዘመን ጀምሮ የታወቀ ነው። ዛሬም ከመቶ በሽተኞች 30 ያህሉ ያስታውካሉ። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1999 ዓ.ም. አፕፌል የሚባሉ ሐኪምና ባልንጀሮቻቸው አራት ምልክቶች ለይተው ገለጡ። ይኸውም ሴት መሆን፥ ትምባሆ አለማጨስ፥ በመንገድ ወይም በቀደመ ኦፕራሲዮን ታውኮ ማወቅ፥ ከኦፕራሲዮን በኋላም እንደ ሞርፊን ያለ ብርቱ የሕመም ማስታገሻ መውሰድ ነው። አንዱም የሌለበት ከመቶ 10 ያህል፥ አራቱም ያለበት ከመቶ 80 ያህል ይታወካል። ይህን ስንል ትምባሆ አጭሱ ማለታችን አይደለም።

ሐኪሙ ይህን አስቀድሞ ያወቀ እንደ ሆነ፥ ኦፕራሲዮኑ የሚፈቅድ ሲሆን በጀርባ መርፌ ታችኛውን አካል ብቻ ያደነዝዛል፤ ወይም በመጀመሪያ ዴክሳሜታዞን፥ በመጨረሻ ኦንዳንሴትሮን ይሰጣል፤ ሞርፊኑንም ይቀንሳል። ስለዚህ የበሽተኛው ቤተ ሰብ ሳይጠየቅ እንኳ ይናገር።

ሁለተኛው የቤተ ሰብ ግዴታ ጾሙን መጠበቅ ነው። ሐኪሙ ሌላ ካላዘዘ በቀር ምግብ ከ6 ሰዓት በፊት፥ ቅባት የበዛበት ከ8 ሰዓት በፊት፥ ንጹሕ ውኃም ከ2 ሰዓት በፊት ይቋረጣል። በጉጂና በቦረና አገር ወተት የከበረ ስጦታ ነው፤ ነገር ግን ወተት እንደ ውኃ ሳይሆን እንደ ምግብ ይቆጠራል። ከርኅራኄ የተነሣ ለበሽተኛ በሥውር ወተት የሚያጠጣ ዘመድ፥ በማደንዘዣው እንቅልፍ ጊዜ የሆድ ዕቃው ወደ ሳንባ ገብቶ ለሞት እንዲያበቃው መንገድ ይከፍታል።

ከኦፕራሲዮን በኋላ ገና እንቅልፍ ያልለቀቀው በሽተኛ ቢያስታውክ ፈጥኖ በጎኑ ማስተኛትና አስታማሚ ነርስ መጥራት ይገባል። የነቃውም ሆዱ የተቀደደ እንደ ሆነ፥ ሲያስታውክ ቁስሉን በትራስ ቀስ ብሎ ደግፎ ይያዝ። በድንገት ቀና አታድርጉት፤ ዕጣንና የሚቆላ ቡናም ከአጠገቡ ይራቅ። ሐኪሙ ሲፈቅድ ውኃ በጥቂት በጥቂቱ፥ ኋላም ቀጭን አጥሚት ይቅመስ። ቅቤ የገባበት ገንፎና ሥጋ ይቆዩ። ጠያቂ ሁሉ «ካልበላህ አትድንም» እያለ ማስጨነቁ ፍቅር ቢሆንም በሽተኛውን ይጎዳዋል።

ማስታወኩ እስከ ማግሥት ያልተወ እንደ ሆነ፥ ደም ወይም አረንጓዴ ነገር የወጣ፥ ሆድ የተነፋ፥ ሽንትም ያነሰ እንደ ሆነ፥ በቆላ ሙቀት ውኃ ከአካል ፈጥኖ ያልቃልና ሳትዘገዩ ለሐኪም አስታውቁ። ወደ ቤት ተመልሶ ከሆነም ወደ ሆስፒታል መልሱት።

የተከበራችሁ አንባቢዎቻችን ሆይ፥ አንድ ጊዜ በብርቱ የታወከ ሰው ለሁለተኛው ኦፕራሲዮን እየፈራ ሕመሙን ይደብቃል። ከሐኪም ፊት የምትናገሯት አንዲት ቃል፥ «ይህን ሰው መንገድ ያውከዋል» የምትለው፥ ከዚህ ፍርሃት ልታድነው ትችላለች።