አውሬ ገዝቶ ማስራብ

መርካቶ አንዱ የመሣሪያ ሱቅ ገብታችሁ "ለከባድ ማሽን የሚሆን ኢምፓክት አሳየኝ" በሉ። ሻጩ ከመደርደሪያው ትልቁን ያወርድና ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር በጣቱ እየጠቆመ "ይሄ አውሬ ነው!" ይላችኋል። ቁጥሩ 2,500 ወይም 3,000 ኒውተን ሜትር ይሆናል። ገዢው ብዙ ጊዜ መካኒኩ አይደለም። ባለቤቱ ነው፣ ወይም ከቢሮ የተላከ የግዥ ሠራተኛ ነው። ቁጥሩን ያያል፣ ዋጋ ይከራከራል፣ አሸክሞ ይሄዳል። ከሳምንት በኋላ ብትሄዱ መካኒኩ ያንን አውሬ ጥግ ላይ አስቀምጦ፣ ቁልፍ ላይ ቧንቧ ሰክቶ፣ በሁለት እግሩ ቆሞበት ታገኙታላችሁ።

ጋዜጠኛ ነኝ እንጂ መካኒክ አይደለሁም። ስለ ግንባታ ማሽኖች ለመጻፍ ጋራዥ ለጋራዥ ስዞር ግን የምሰማው ያው አንድ ወሬ ነው፦ "ኢምፓክቱ ደካማ ነው፣ ቻይና ነው።" አንዳንዴ እውነት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ኢምፓክቱ ምንም አልሆነም። ርቦት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአየር የሚሠራ ኢምፓክት የራሱ ጉልበት የለውም። የታመቀ አየር ገብቶ ውስጡ ያሉትን ክንፎች ያሽከረክራል፣ ክንፎቹ መዶሻውን ያሽከረክራሉ፣ መዶሻው ሶኬቱ የሚገባበትን ዘንግ በደቂቃ ብዙ መቶ ጊዜ እየደጋገመ ይመታል። አየሩ ካነሰ መዶሻው ይሽከረከራል፣ ይጮሃል፣ ግን አይመታም፤ ቢመታም እንደ ሕፃን ጡጫ ነው። ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር የተለካው ብዙውን ጊዜ በ90 ፒኤስአይ፣ ማለትም በ6.2 ባር ነው። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ 6.2 ባር መሆን ያለበት ኮምፕሬሰሩ ጌጅ ላይ አይደለም። ቃታው ተስቦ፣ አየሩ እየፈሰሰ፣ ኢምፓክቱ አፍ ላይ ነው። የኮምፕሬሰሩ ጌጅ 8 እያሳየ ኢምፓክቱ ጋ የሚደርሰው 4 ሊሆን ይችላል። ማንም ስለማይለካው ማንም አያውቀውም። ከመጋጠሚያው አጠገብ የሚገባ ትንሽ ጌጅ ከኢምፓክቱ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ምንም ማለት አይደለም። እስካሁን ያንን ጌጅ የገጠመ ጋራዥ ግን ብዙም አላየሁም።

የፍጆታው ቁጥር ደግሞ ሌላ ወጥመድ ነው። አምራቾች ሁለት ዓይነት ፍጆታ አላቸው። አንደኛው "አማካይ" የሚሉት ነው፤ ሠራተኛው ትንሽ ተኩሶ ብዙ ያርፋል ብለው አስበው የሚያወጡት። ሁለተኛው ቃታው ተይዞ ሲቆይ የሚበላው ነው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ሦስት አራት እጥፍ ይሆናል። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው የትኛው እንደሆነ መገመት አያቅታችሁም። ባለ 1/2 ኢንቹ ለቀላል መኪና የሚሆነው ኢምፓክት እንኳ ቃታው ሲያዝ በደቂቃ ከ600 ሊትር በላይ ይፈልጋል። ባለ 1 ኢንቹ በደቂቃ ከ1,200 እስከ 1,700 ሊትር ድረስ ይሄዳል።

እስቲ አብረን እናስላ። ጋራዡ ባለ 300 ሊትር ታንክ ኮምፕሬሰር አለው እንበል። ከ8 ባር ወደ 6 ባር እስኪወርድ ታንኩ የሚሰጠው ወደ 600 ሊትር አየር ነው። ኢምፓክቱ በደቂቃ 1,400 ሊትር ከበላ ያ ሁሉ አየር በ25 ሰከንድ አለቀ። የዛገ ቡሎን ደግሞ 25 ሰከንድ ሙሉ አልፈታም ሊል ይችላል። አሁን ዶዘር አስቡ። በአንድ ጎን ሰንሰለት ላይ 40 ያህል ጫማ አለ፤ እያንዳንዱ ጫማ በአራት ቡሎን ይታሰራል። በአንድ ጎን ብቻ 160 ቡሎን ነው። መካኒኩ ሦስት አራቱን ይፈታል፣ ኮምፕሬሰሩ እስኪሞላ ይቆማል፣ ሦስት አራት ይፈታል፣ ይቆማል። እኩለ ቀን ላይ ትዕግሥቱ ያልቅና ቧንቧውን ያነሳል።

አሁን ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ሆነን የምንረሳው ነገር አለ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነች። እዚህ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ኮምፕሬሰር የሚስበው በዙሪያው ያለውን አየር ስለሆነ በአንድ ምት የሚያስገባው ሳስቶ ነው የሚገባው። ኢምፓክቱ ግን 6.2 ባር ካላገኘ አይሠራም፤ ከፍታ አያውቅም። ስለዚህ የኮምፕሬሰሩ ካርቶን በደቂቃ 600 ሊትር ካለ ቃሊቲ ላይ በ450 ገደማ አስቡት። ባሕር ዳርቻ የሚበቃው ኮምፕሬሰር እዚህ እንዲበቃ ሲሶ ያህል መብለጥ አለበት። ጅቡቲ ወደብ ላይ ጥሩ ይሠራ የነበረ ዕቃ እዚህ ሲመጣ "ደከመ" የሚባለው ግማሹ ምክንያት ይሄ ነው። በዚያ ላይ አንዳንዱ ኮምፕሬሰር ላይ የሚጻፈው የሚስበው እንጂ የሚሰጠው አይደለም። ሻጩን "ይሄ የሚስበው ነው የሚሰጠው?" ብላችሁ ጠይቁት። ፊቱ ላይ መልሱን ታገኙታላችሁ።

ቱቦውም አለ። ከሁሉ የሚያናድደኝ ይሄ ነው፤ ምክንያቱም ርካሹ መፍትሔ እሱ ነው። ባለ 1 ኢንች ኢምፓክት ውስጡ 3/4 ኢንች (19 ሚሊ ሜትር) የሆነ ቱቦ ይፈልጋል። ባለ 3/4ቱ 1/2 ኢንች፣ ባለ 1/2ቱ ደግሞ ቢያንስ 3/8 ኢንች። ጋራዦቻችን ግን ጎሚስታው ጎማ የሚነፋበትን ቀጭን ቱቦ ነው ለሁሉም የሚሰኩት። 3/8 ኢንች ቱቦ የውስጥ ስፋቱ የ3/4ቱ አንድ አራተኛ ነው። ዶዘር ልታፈታው የገዛኸውን አውሬ በገለባ ነው ውኃ የምታጠጣው። ጥቅ ብላ የምትገጥመዋ ትንሿ መጋጠሚያም ያው ናት፤ ቱቦውን አስፍተህ መጋጠሚያዋን ጠባብ ከተውካት ምንም አልሠራህም።

እንግዲህ የትኛውን እንግዛ? የኔ ሐሳብ ብዙ ባለቤቶችን አያስደስትም። ባለ 5.5 የፈረስ ጉልበት ኮምፕሬሰር ያለው ጋራዥ ባለ 1 ኢንች ኢምፓክት መግዛት የለበትም። ባለ 3/4 ይግዛ፤ የተረፈውን ብር ቱቦና መጋጠሚያ ላይ፣ ከተረፈም ተጨማሪ ታንክ ላይ ያውጣ። በደንብ የጠገበ ባለ 3/4 የተራበ ባለ 1 ኢንችን ይበልጠዋል። ክብደቱም ቀላል ነገር አይደለም። ባለ 3/4ቱ ከ3.5 እስከ 5 ኪሎ ገደማ ነው፤ ባለ 1 ኢንቹ ከ7 ኪሎ ጀምሮ ረጅም ዘንግ ያለው ከ10 ኪሎ ያልፋል። ሎደር ሥር ጀርባህ ላይ ተኝተህ 10 ኪሎ ብረት ወደ ላይ ይዘህ ታውቃለህ? ባለቤቱ አያውቅም። ለዚህ ነው ሲገዛ መካኒኩን ይዞ መሄድ ያለበት።

ባለ 1 ኢንቹ የራሱ ቦታ አለው። ጥንድ የኋላ ጎማ ያላቸው ከባድ መኪናዎች፣ የትላልቅ ማሽኖች ሰንሰለት፣ የኤክስካቫተር ማዞሪያ ቡሎን፤ እዚያ ያስፈልጋል። የጥንድ ጎማው ዳዶ ቸርኬው ውስጥ ጠልቆ ስለሚገኝ ረጅም ዘንግ ያለውን መምረጥ ይሻላል። አጭሩን ገዝቶ ማራዘሚያ መቀጠል ከጉልበቱ ይቀንሳል፤ ማራዘሚያው በረዘመ ቁጥር የመዶሻው ምት እዚያው ማራዘሚያው ውስጥ ይቀራል። ያንን የሚገዛ ጋራዥ ግን ኮምፕሬሰሩንም አብሮ ያስብ። ግማሹን ብቻ መግዛት ሙሉውን እንደ መጣል ነው።

ስለ ካርቶኑ ቁጥር አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ትልቁ ቁጥር በሚፈታበት አቅጣጫ ያለው ነው፤ የሚያጠብቅበት ያነሰ ነው። ሁለቱን ለይቶ የሚጽፍ አምራች እምነት ይጣልበታል። አንድ ቁጥር ብቻ በቀይ ቀለም የጻፈውን እለፉት።

ሶኬት ላይ የሚደረግ ቁጠባ ደግሞ ዓይን ያስከፍላል። የሚያብረቀርቀው የእጅ ሶኬት ለኢምፓክት አልተሠራም። ሲመታ ይሰነጠቃል፣ ሲሰነጠቅ ቁራጩ ይበራል። ጥቁሩና ግድግዳው ወፍራሙ ነው ለኢምፓክት የሚሆነው። ይህን የማያውቅ መካኒክ የለም። ችግሩ ዕውቀት አይደለም፤ ጥቁሩን ገዝቶ የሚሰጠው ነው የጠፋው።

ከዚህ በኋላ የማነሳው በየትኛውም ካርቶን ላይ በትልቁ አይጻፍም። ኢምፓክት ሲሠራ ድምፁ ብዙ ጊዜ ከ100 ዴሲቤል ያልፋል። የአሜሪካው የሥራ ደኅንነት ተቋም ናዮሽ በ100 ዴሲቤል ውስጥ ያለ መከላከያ መቆየት የሚቻለው በቀን 15 ደቂቃ ነው ይላል። ንዝረቱም አለ። የአውሮፓ ኅብረት በ2002 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የእጅ ንዝረት በ8 ሰዓት ሥራ ተሰልቶ 2.5 ሜትር በሰከንድ ካሬ ሲደርስ አሠሪው እርምጃ እንዲወስድ፣ ከ5 ደግሞ በጭራሽ እንዳያልፍ ወስኗል። የደረጃቸውን የጠበቁ ኢምፓክቶች መመሪያ ላይ የንዝረት ቁጥሩ ተጽፎ ይገኛል። ለዓመታት የተንዘረዘረ እጅ የደም ሥሩና ነርቩ ይጎዳል፤ ጣቶቹ በብርድ ጠዋት ደንዝዘው ዳዶ ማንሳት እምቢ ይላሉ። በእጁ ለሚበላ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። የጆሮ መድፈኛ በጣም ርካሽ ነው። በኢምፓክቱ ዋጋ ላይ የሚከራከረው ባለቤት አብሮ ቢገዛው አይከስርም።

"ታዲያ ለምን በባትሪ የሚሠራውን አንገዛም?" የሚለኝ አይጠፋም። ማሽኑ መንገድ ሥራ ላይ ከቆመ፣ ኮምፕሬሰር መጎተት ካልተቻለ፣ አዎ። ዛሬ በባትሪ የሚሠሩ ጠንካራ ባለ 1 ኢንቾች አሉ። ግን ባትሪው ከሞተ በኋላ ተመሳሳዩን እዚህ ማግኘት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። የአየሩ ኢምፓክት ግን ክንፉ ሲያልቅ ክንፍ ይቀየርለታል፤ በየጠዋቱ የኮምፕሬሰሩ ውኃ ከተደፋና ጥቂት ጠብታ ቀጭን የአየር መሣሪያ ዘይት ከተሰጠው ብዙ ዓመት ይኖራል። የሞተር ዘይት አትስጡት፤ ወፍራም ስለሆነ ክንፎቹን ያጣብቃቸዋል።

የግዥ ክፍል ያላቸው ድርጅቶችስ? ጨረታው ላይ "ኢምፓክት፣ 1 ኢንች፣ ብዛት 2" ብለው ይጽፋሉ፤ ከዚያ በዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ያሸንፋል። በዚህ አጻጻፍ ማንም ማንንም ሊወቅስ አይችልም፤ የተጠየቀው ቀርቧል። ሦስት መስመር ቢጨመር ይበቃ ነበር፦ በሙሉ ጭነት የሚበላው አየር በሊትር፣ የንዝረት መጠኑ፣ መለዋወጫው አገር ውስጥ መኖሩ። ሦስቱንም መመለስ የማይችል አቅራቢ በራሱ ጊዜ ይወጣል።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ፣ እሱም ማጥበቅ። ለመፍታት የምንመኘው ጉልበት ለማጥበቅ ጠላት ነው። የከባድ መኪና የጎማ ዳዶ፣ 22 ሚሊ ሜትር የሆነው፣ በአብዛኛው ከ600 እስከ 700 ኒውተን ሜትር ባለው ውስጥ ነው የሚጠብቀው፤ ትክክለኛው በመኪናው መመሪያ ላይ አለ። የጠገበ ባለ 1 ኢንች ኢምፓክት የዚያን ሦስት እጥፍ ይሰጣል። ረዳቱ "ይጥበቅ" ብሎ ቃታውን ይዞ ሲቆይ ቡሎኑ ይለጠጣል። የተለጠጠ ቡሎን ደግሞ ጋራዡ ውስጥ አይበጠስም፤ ጭነት ተሸክሞ ቁልቁለት ላይ ነው የሚበጠሰው። የዶዘር ሰንሰለት ጫማ ቡሎንም በብዙ ማሽኖች ላይ መጀመሪያ በተወሰነ ቶርክ፣ ከዚያ ተጨማሪ ሲሶ ዙር ነው የሚጠብቀው። ያንን ጆሮ አይለየውም፤ በኖራ ምልክት አድርጎ ማየት ያስፈልጋል። ስለዚህ ኢምፓክቱ ያስጠጋ፣ መጨረሻውን የቶርክ መለኪያ ቁልፍ ይጨርሰው። ያ ቁልፍ የሌለው ጋራዥ ኢምፓክት ከመግዛቱ በፊት እሱን ይግዛ። ጎማ የተፈታለት መኪና ደግሞ ከ80 እስከ 160 ኪሎ ሜትር ከሄደ በኋላ ዳዶው እንደገና መለካት አለበት። ከቃሊቲ ለወጣ ሾፌር ይሄ አዳማ ማለት ነው፤ ቡናውን አዝዞ እስኪደርስለት ድረስ የሚያልቅ ሥራ።