ዓሣውን እርሱት፣ ሰንጠረዡን እዩ

የአይስላንድ ክለቦች ሲነሡ መቼስ የብዙዎቻችን ትዝታ አንድ ነው፤ ዓሣ! እ.ኤ.አ. በ2010 የስትያርናን ተጫዋቾች ግብ አግብተው የጨፈሩበት ያ ቪዲዮ። አንዱ መንጠቆ እንደወረወረ ሆኖ ይጎትታል፣ ሌላው ሣሩ ላይ እንደ ሳልሞን ይንፈራገጣል፣ ከዚያ ጓደኞቹ ተሸክመውት ፎቶ ይነሣሉ። ዓለም በዩቲዩብ ሳቀ፣ እኛም ሳቅን። ሳቁ ክፋት የለውም። እኔን የሚያናድደኝ ከሳቁ በኋላ የመጣው ነው። እነዚሁ ሰዎች በ2014 ሙሉ የውድድር ዘመን ሳይሸነፉ ዋንጫ ሲያነሡ ወሬው ያው “የዓሣዎቹ ልጆች” ሆኖ ቀረ። ሲብስም “ተረት ነው፣ ተአምር ነው” ተባለ።

ተአምር? እስቲ ሰንጠረዡን እንየው። የአይስላንድ ከፍተኛ ዲቪዚዮን ያኔ 12 ክለቦች ነበሩት፣ እያንዳንዱ ክለብ 22 ጨዋታ ያደርጋል። ስትያርናን 15 አሸነፈ፣ 7 አቻ ወጣ፣ ሽንፈት ዜሮ። 52 ነጥብ። ለክለቡ ወንዶች ይህ የመጀመሪያው የሊግ ዋንጫ ነበር። በ2012 እና በ2013 ደግሞ ለአገሪቱ ጥሎ ማለፍ ፍጻሜ ደርሰው ሁለቱንም ጊዜ ተሸንፈዋል። ስለዚህ እነዚህ ሰዎች ከሰማይ አልወረዱም፤ በየዓመቱ በሩን ሲያንኳኩ የነበሩ ናቸው። አሠልጣኙ ሩናር ፓውል ሲግሙንድሶንም ቢሆን ከውጭ የመጣ አስማተኛ አልነበረም። ከዓመት በፊት እዚያው ክለብ ውስጥ ምክትል ነበር።

አሁን “የመጨረሻውስ ቀን?” የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነው፣ እንነጋገርበት። ጥቅምት 4 ቀን 2014 እ.ኤ.አ.፣ ሃፍናርፍዮርዱር ከተማ፣ ካፕላክሪኪ ሜዳ፣ ከ6,000 በላይ ተመልካች። ባለሜዳው ኤፍ ኤች 51 ነጥብ፣ ስትያርናን 49። ልብ በሉ፣ ሁለቱም እስከዚያች ቀን አልተሸነፉም! ለኤፍ ኤች አቻ ይበቃዋል፣ ስትያርናን ግን የግድ ማሸነፍ አለበት። 1 ለ 1 ሆነው 90ው ደቂቃ አለቀ። በጭማሪ ሰዓት ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠ፣ ኦላፉር ካርል ፊንሰን መታ፣ ገባ። 2 ለ 1። ኤፍ ኤች ዓመቱን ሙሉ የተሸነፈው አንድ ጨዋታ ብቻ ነው፤ እሱም ያ ነው።

ዕድል አለበት? አለበት እንጂ! የኤፍ ኤች ደጋፊ እስከ ዛሬ ቢቆጨው አልፈርድበትም። ግን ዕድል የሚሰጠው አንድ ደቂቃ ነው። እዚያች ደቂቃ ላይ ዋንጫውን በእጅ ርቀት አድርጎ ለመገኘት 21 ጨዋታ ሳይሸነፉ መድረስ ያስፈልጋል። ያንን ማን ሰጣቸው? ተረቱ የሚደብቀው ይህንን ነው።

ይህ ሁሉ በሆነበት ክረምት ደግሞ አውሮፓም ነበሩ። በዩሮፓ ሊግ ማጣሪያ የዌልሱን ባንጎር ሲቲ ደርሶ መልስ 4 ለ 0፣ 4 ለ 0 አሸነፉ። የስኮትላንዱን ማዘርዌል በጭማሪ ሰዓት ጣሉ። የፖላንዱን ሌክ ፖዝናን 1 ለ 0 አሸንፈው ሜዳው ድረስ ሄደው ዜሮ ለዜሮ ያዙት። ከዚያ ኢንተር ሚላን መጣና 3 ለ 0፣ ቀጥሎም 6 ለ 0 ረታቸው። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ይህን 6 ለ 0 ነው። ከተጫዋቾቹ ብዙዎቹ ከኳስ ሌላ ሥራ ወይም ትምህርት ያላቸው መሆናቸውን ግን ማን ያስታውሳል?

“ታዲያ እንዴት ቻሉ?” ብሎ መጠየቅ ነበር የጋዜጠኛ ሥራው። መልሱም ሩቅ አይደለም። አይስላንድ ያኔ ሕዝቧ ከ330 ሺህ አይበልጥም፤ ግን ከ2000 ጀምሮ ለበረዶ ወራት ጣሪያ ያላቸው ትልልቅ ሜዳዎችን ሠርታለች። በመቶዎች የሚቆጠሩ የአውሮፓ ፈቃድ ያላቸው አሠልጣኞች አሏት፣ እነሱም ሕፃናቱን ጭምር ያሠለጥናሉ። የስትያርናን ከተማ ጋርዳባይር የዋና ከተማዋ የሬይክያቪክ ጎረቤት ናት፣ ኑሮዋም የደላ ነው። ክለቡ በሰው ሠራሽ ሣር ላይ ይጫወታል። ይህ ሁሉ ሲደመር ተአምር ይባላል እንዴ? ይህ እቅድ ነው! ተአምር ካልነው ከእሱ የምንማረው የለም፤ ቁጭ ብለን የራሳችንን ተአምር መጠበቅ ብቻ ነው የሚቀረን።

ዋናው ንዴቴ ግን ገና ነው። የስትያርናን “የመጀመሪያ ዋንጫ” ተብሎ ሲጻፍ “የወንዶቹ” የምትለዋ ቃል የት ትሄዳለች? የክለቡ ሴቶች ሊጉን በ2011 በልተዋል። በ2013 ደግሞ 18 ጨዋታ አድርገው 18ቱንም አሸነፉ። አቻ እንኳን የለም! በዚያው በ2014፣ ወንዶቹ በጭማሪ ሰዓት በተጨነቁበት ዓመት፣ ሴቶቹ ሊጉንም የአገሪቱን ዋንጫም አንድ ላይ ወሰዱ። ሃርፓ ቶርስታይንስዶቲር የምትባል አጥቂ ያንን ቡድን በግብ ስታንበሸብሽ ነበር። ስሟን የሰማችሁ እጃችሁን አውጡ… አያችሁ?

አንድ ክለብ፣ አንድ ከተማ፣ አንድ ዓመት፣ ሁለት የሊግ ሻምፒዮን። ከዚህ የበለጠ ዜና ምን አለ? እኛ ግን የያዝነው ዓሣውን ነው። “አንባቢው የሚፈልገው እሱን ነው” የምትለውን ሰበብ በደንብ አውቃታለሁ፤ የሙያ ጓደኞቼ በየቀኑ ይጠቀሙባታል። አንባቢ ያልቀረበለትን እንዴት ይፈልግ? መጀመሪያ አቅርቡለትና ከዚያ ስለ ፍላጎቱ እናውራ።

የስትያርናን ወንዶች ከዚያ ወዲህ እስከ 2025 ድረስ ሊጉን አልደገሙትም። ይህም ተረት አለመሆኑን ያሳያል፤ ተረት “በደስታ ኖሩ” ብሎ ያልቃል፣ ኳስ ግን በሚቀጥለው የውድድር ዘመን እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ስለዚህ ወገን፣ በሚቀጥለው አንድ ሰው ያንን የዓሣ ቪዲዮ ሲልክላችሁ ሳቁ፣ ያስቃልና። ከዚያ ግን መልሳችሁ ጠይቁት፦ “18 ከ18 ያሸነፉትንስ ታውቃቸዋለህ?”