እናቶች፣ «ፊት ያጠራል» ከሚባለው ቅባት ተጠንቀቁ!

እዚህ ጫግኒ ለደም ግፊት ክትትል የሚመጡ እናቶች፣ ሊወጡ ሲሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ዶክተርዬ፣ ለፊቴስ መላ የለውም?» ይሉኛል። አልስቅባቸውም፤ በሃምሳ ዓመትም ማማር መፈለግ ነውር አይደለም። ነውሩ ቤታሜታዞንና ክሎቤታሶል ያለ ሐኪም ትዕዛዝ «የማዲያት ቅባት» እየተባሉ መሸጣቸው ነው። መጀመሪያ ፊት ያጠራሉ። ሲቆዩ ግን ቆዳ ያሳሳሉ፣ የደም ስር ያወጣሉ፣ ፀጉር ያበቅላሉ። ሲያቆሟቸው ደግሞ ፊት ይቀላል፣ ያቃጥላል። ሜርኩሪ ያለበት ማንጫ ቅባትማ ኩላሊትም ይጎዳል።

ማዲያቱንም መሸብሸቡንም የሚያባብሰው ፀሐይ ነው። ስለዚህ ገበያ ስትወጡ ጃንጥላ ያዙ፣ ከቻላችሁ ሰንስክሪን ተቀቡ። ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል ያለበትን ቅባት ለወራት የተጠቀማችሁ በድንገት አታቁሙ፤ ከነካርቶኑ ይዛችሁ ኑ። አንቆጣችሁም።