መኪናው እስከ የት ይደርሳል?

ማታ መብራት ሲጠፋ በዶርማችን የሚነሣው ጨዋታ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። አንዱ ስለ ፈተና ይጀምራል፤ ሌላው የምግብ ቤቱን ሽሮ ያማል፤ ጥቂት ቆይቶ ግን ነገሩ ሁሉ ዞሮ ዞሮ መኪና ላይ ያርፋል። ከተመረቅን በኋላ ማን ቀድሞ ይገዛል? ቪትዝ ይሻላል ወይስ ኮሮላ? በመንግሥት ደመወዝ መኪና መግዛት ይቻላልን? ከእኛ ቀድመው ከተመረቁት መካከል መጽሐፍ ያሳተመ ቢኖር ማንም ስሙን አይጠራውም። መኪና የገዛውን ግን ከነመኪናው ቀለም፣ ከነታርጋው ቁጥር በቃላችን እናውቀዋለን።

እኔ ከዚህ ጨዋታ ውጭ ነኝ ብዬ ልመጻደቅ አልፈልግም። መኪና እወዳለሁ። ከባሕር ዳር እስከ ደብረ ታቦር ያለውን መቶ ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በሦስት ሰው ወንበር ላይ አራተኛ ሆኖ ተጣብቆ የተጓዘ ሰው፣ ጉልበቱን ዘርግቶ የሚቀመጥበት የራሱ መኪና ቢመኝ ማን ይፈርድበታል? በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ ጨዋታው ባሰበት እንጂ አልቀነሰም። አሁን የምንከራከረው በኤሌክትሪክ ስለሚሄደው ነው፤ ያውም መብራት ጠፍቶ በጨለማ ተቀምጠን!

ዛሬ ብዕር ያስነሣኝ ግን ባለፈው ነሐሴ ያየሁት ነገር ነው።

አገሬ ፋርጣ ነው፤ ቀበሌያችን በጉና ተራራ ሥር ይገኛል። ከወረታ ተነሥቶ በዓለም በር፣ በደብረ ታቦር፣ በክምር ድንጋይና በነፋስ መውጫ አልፎ ወልድያ የሚደርሰውን፣ በደርግ ዘመን በቻይናውያን እርዳታ የተሠራውን ትልቅ መንገድ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከዚያ መንገድ ወደ እኛ ቀበሌ የሚገነጠል ጠጠር መንገድ አለ። ጥቂት ይሄድና አንድ ወንዝ ዳር ሲደርስ ያበቃል። ከወንዙ ወዲያ ያለው የሰው፣ የበቅሎና የአህያ መንገድ ነው፤ በደረቅ ወራት ከአንድ ሰዓት በላይ፣ በክረምት ደግሞ ሁለት ሰዓት ያስኬዳል።

የአጎቴ ልጅ፣ አያ እያልሁ የምጠራው፣ አዲስ አበባ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሠርቶ ነጭ ቪትዝ ገዛና ለደብረ ታቦር በዓል ይዞት መጣ። ነሐሴ 13 ቀን ሌላው አገር ቡሄ ብሎ ያከብረዋል፤ እኛ ግን የከተማችን ስም የተጠራበት በዓል ስለ ሆነ ከሌላው ይልቅ የእኛ ይመስለናል። አያ መኪናውን ከወንዙ ወዲህ ካለ አንድ ዘመድ አጥር ጥግ አቁሞ ሸራ አለበሰው። ከዚያ ጫማውን አውልቆ እንደ ማናችንም ጭቃውን አቡክቶ ቤቱ ገባ። በማግሥቱ መንደሩ በሙሉ መኪና ለማየት ቁልቁል ወረደ። ልጆቹ ጅራፍ እያጮሁ ሆያ ሆዬ ጨፈሩለት። እናቱ በነጠላቸው ጫፍ መስተዋቱን እየጠረጉ መረቁት። እኔም፣ አልዋሽም፣ መሪውን ይዤ ፎቶግራፍ ተነሣሁ።

በዓሉ ባለፈ በሁለተኛው ሌሊት የጎረቤታችን ሚስት ምጥ ጸናባት። አያ ነገሩን እንደ ሰማ መኪናውን ለማዘጋጀት ቀድሞ ሮጠ። ሴቲቱን በቃሬዛ አድርገው ስምንት ጎልማሶች እየተፈራረቁ ተሸከሟት፤ እኔ ባትሪ ይዤ ከፊት መንገድ እመራ ነበር። ዝናቡ አላባራም። ወንዙ ዳር ስንደርስ ሞልቶ ደፍርሶ፣ ድንጋይ እያንከባለለ ይወርዳል። አያ ሳይሞላ ተሻግሮ ስለ ነበረ መኪናውን አስነሥቶ መብራቱን ወደ እኛ አዙሮ በማዶ ይጠብቃል። ውኃው እስኪጎድል አንድ ሰዓት ያህል ቆምን። መኪናው ከእኛ ሃምሳ እርምጃ አይርቅም ነበር። የሞተሩ ድምፅ ይሰማናል። የአያ ፊት ሳይቀር ይታየኝ ነበር።

በመጨረሻ ሰዎቹ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ቃሬዛውን ትከሻቸው ላይ አድርገው አሻገሯት። ከዚያ በኋላ ደብረ ታቦር ለመድረስ ግማሽ ሰዓት በቃን። እናትየዋ ተርፋለች። ልጁ አልተረፈም።

ስንመለስ አያ መሪው ላይ እጁን እንደ ደገፈ፣ «ለዚህች መኪና ያወጣሁት ገንዘብ ለዚያ ወንዝ ድልድይ አይሆንም ነበር?» አለ። ከኋላ የተቀመጡት ሽማግሌ፣ «አይ ልጄ፣ መኪናህ ባትኖርማ እናቲቱስ መች ትተርፍልን ነበር?» ብለው መለሱለት። ሁለቱም ልክ ናቸው። እኔን የቸገረኝም ይኸው ነው፤ መኪና መግዛት ከንቱ ነው ብዬ እንዳልጽፍ የሽማግሌው ቃል ይይዘኛል፤ እንግዲህ ግዙ ብዬ ዝም እንዳልል ደግሞ ያ አንድ ሰዓት አይለቀኝም።

የአገራችንን ታሪክ ብንመለከት መንኰራኩርና መንገድ ተለያይተው አያውቁም ነበር። ከዚህ ከደብረ ታቦር ብዙም በማይርቀው በጋፋት፣ በ1859 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ በአውሮፓውያን ሠራተኞች ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ እንዳሠሩ ሁላችንም ከሕፃንነታችን ጀምሮ ሰምተናል። መድፉ ሰባ ኩንታል ያህል ይመዝናል። ስለ መድፉ ሐውልት ቆሟል፤ ብዙም ተጽፏል። ከመድፉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ግን መንገዱ ነው። ንጉሡ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ከደብረ ታቦር ተነሥተው መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነው። በቅሎ የተቀመጠ መንገደኛ በጥቂት ቀን የሚጨርሰው ጉዞ ግማሽ ዓመት ያህል ፈጀ፤ ሠረገላው የሚሄድበት መንገድ አልነበረምና ድንጋዩን እየፈነቀሉ፣ ገደሉን እየቈረጡ መሥራት ነበረባቸው። ንጉሡ ራሳቸው ከሠራተኛው ጋራ ድንጋይ ያነሡ እንደ ነበር በዘመኑ የነበሩ አውሮፓውያን ጽፈዋል። በጅዳና በበሽሎ ሸለቆዎች የሠሩት መንገድ እጅግ ጥሩ ከመሆኑ የተነሣ የጄኔራል ናፒየር ጦር ራሱ ወደ መቅደላ ሲገሠግሥ በዚያው ወርዶበታል። ለራስ መድፍ የተሠራ መንገድ ጠላትንም ማሻገሩ የታሪክ ምፀት ነው።

ይህን ስል ያን ዘመን ተመለስልን ማለቴ አይደለም። የመድፉ ጎታች ወድዶ አልጎተተም፤ ንጉሡ ሲነሡም ደብረ ታቦርን አቃጥለው ነው የሄዱት። የበጌምድር ገበሬ የከፈለው ዋጋ ከመድፉ ክብደት ይበልጣል። እኔ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ቴዎድሮስ መንኰራኩር ሲያሠሩ አካፋና ዶማም አብረው አሰቡ። እኛ መንኰራኩሩን ተመኝተን አካፋውን ለሌላ ሰው ተውነው።

«መንገድ መሥራት የመንግሥት ሥራ ነው» የሚለኝ ጓደኛ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እውነት ነው፤ ብረትና ሲሚንቶ የሚጠይቅ ድልድይ በደቦ አይሠራም። ነገር ግን ጥያቄው የሚቀርበው በምን ዓይነት ወረቀት ነው? የእኛ ቀበሌ ሰዎች ዓመት ዓመት አቤት ይላሉ፤ የወንዙ ስፋት ስንት ነው? ሙላቱ እስከ የት ይደርሳል? ቢባሉ ግን በእጃቸው ከማሳየት በቀር የሚያቀርቡት ልክ የለም። በሌላ በኩል ሲቪል ምሕንድስና የሚማሩት ጓደኞቼ በየሴሚስተሩ ድልድይ ይነድፋሉ። ወንዙም ድልድዩም የሐሳብ ነው። መምህሩ ማርክ ይሰጡበታል፤ ወረቀቱም ከአልጋ ሥር ይገባል። የገበሬው ወንዝ ልኬት አጥቶ፣ የተማሪው ልኬት ወንዝ አጥቶ በአንድ ወረዳ ይኖራሉ! በ1957 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው አገልግሎት ተማሪውን ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ይልከው ነበር። እኔ አንድ ዓመት አልጠይቅም፤ አንድ ቅዳሜ ይበቃኛል።

ከዚህ ጋራ የማይገናኝ የሚመስል አንድ ነገር ልጨምር። የዚህ መጽሔት አዘጋጆች ጽሑፍ ስጡን ብለው በየክፍሉ ሲዞሩ የሚያገኙት መልስ ምን እንደ ሆነ ጠይቄአቸው ነበር። «መንፈሱ አልመጣልኝም» ነው አሉኝ። መንፈሱ እንደ ሚኒባስ ተራ ጠብቆ በራችን ላይ ይቆም ይመስል! በዚሁ በእኛ አገር ድጓ ለመማር ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም፣ ዝማሬና መዋሥዕት ለመማር ወደ ዙር አምባ፣ ቅኔ ለመማር ወደ ዋድላና ወደ ጎጃም አኩፋዳ ይዘው በእግራቸው የሚጓዙ ተማሪዎች ዛሬም አሉ። የቅኔ ተማሪ አልመጣልኝም ማለት አይችልም፤ ነገ በየኔታ ፊት የሚያቀርበው ቅኔ አዲስ መሆን አለበት፤ የትናንቱም የሌላ ሰውም አይሠራለትም። ስለዚህ ብቻውን ወደ ሜዳ ወጥቶ ቅኔውን ይቈጥራል፤ ያየውን ወፍ፣ የሰበረውን እንጨት፣ የነከሰውን ውሻ ሳይቀር ነገር ያደርገዋል። እኔ በሁለት ዓመት ውስጥ ለዚህ መጽሔት አንድም መስመር ጽፌ አላውቅም ነበር። ይህችን የሰጠኝ ያ ወንዝ ዳር የቆምሁበት ሰዓት ነው፤ እንዲህ ባላገኛት በወደድሁ።

እንግዲህ ጉዳዬን ልናገር። የመጀመሪያው ሴሚስተር ፈተና ካለቀ በኋላ ባለው ቅዳሜ፣ መኪና የሚያሳልፍ ሰላም ከሆነ፣ ወደዚያ ወንዝ እሄዳለሁ። በበጋ ውኃው ከቁርጭምጭሚት አያልፍም፤ የክረምቱ ሙላት የደረሰበት ምልክት ግን በዳርና ዳር ባለው አፈር ላይ ይታያል። የሃምሳ ሜትር መለኪያ ገመድ ተውሻለሁ። ከምሕንድስና ክፍል ሁለት ሰው፣ ማመልከቻ አሳምሮ የሚጽፍ አንድ ሰው እፈልጋለሁ። የሚመጣ ሰው ጠንካራ ጫማ ያድርግ። ምሳውን እናቴ ታዘጋጃለች፤ የጉና ድንች ነው፣ ሌላ ነገር ተስፋ እንዳታደርጉ።