ነፋስ ሲጠፋ ውድድሩ አለቀ ያለው ማን ነው?

መቼም ለጋዜጠኝነት ተማሪ «ምንም አልተፈጠረም» ብሎ ከመጻፍ የባሰ ኃጢአት የለም። እኔ ግን ሠርቼዋለሁ። ባለፈው መንፈቀ ዓመት ከ2024 (እ.ኤ.አ.) የፓሪስ ኦሎምፒክ የባለ ሸራ ጀልባ ውድድር ቪዲዮ አይተን ዘገባ እንድንጽፍ ታዘዝን። ውድድሩ የተካሄደው በማርሴይ ሲሆን፣ በነፋስ እጦት የተራዘሙ ፉክክሮች ነበሩበት። እኔም ባሕሩ ጸጥ ብሎ ተኝቶ ባይ ጊዜ «ነፋስ ስላልነበረ ጀልባዎቹ ቆመው ዋሉ» ብዬ በሦስት መስመር ተገላገልኩ። መምህራችን ወረቀቴን ሲመልሱልኝ በቀይ እስክሪብቶ አንዲት ጥያቄ ጽፈውበታል፦ «አልነበረም ወይስ አላየኸውም?»

እውነቱን ለመናገር በጣም ተናደድኩ። እልህ ይዞኝ ቪዲዮውን ደግሜ አየሁ፤ ስለ ስፖርቱም ማንበብ ጀመርኩ። ዛሬ የምለው ይህን ነው፦ ነፋስ የደከመበት ውድድር አሰልቺ አይደለም። አሰልቺ የሚያደርገው የእኛ የዘጋቢዎቹ ዓይን ነው።

እስቲ ጀልባዋ ላይ እንውጣ። ነፋሱ ኃይለኛ ሲሆን ተወዳዳሪዎቹ ከጠርዟ ወደ ውጭ ተንጠልጥለው በክብደታቸው ሚዛኗን ይጠብቃሉ። ነፋሱ ሲደክም ግን ሥራው ይገለበጣል። ሁሉም ወደ ፊት ጠጋ ይላሉ፤ የጀልባዋ የኋላ ክፍል ከፍ ሲል ውኃ የሚነካው አካሏ ያንሳል፣ ሰበቃውም ይቀንሳል። ቀጥለው ጀልባዋን ነፋሱ ወደሚሄድበት ጎን በትንሹ ያጋድሏታል። በዚህ ጊዜ ሸራው በራሱ ክብደት ወደዚያው ወርዶ ቅርጹን ይይዛል። ከዚያ በኋላ እንቅስቃሴው ሁሉ እንደ ድመት ነው። አንዱ ሰው በድንገት ብድግ ቢል ሸራው ይናወጣል፤ በስንት መከራ የተጠራቀመችው ፍጥነትም ትጠፋለች። መሪውንም አብዝቶ ማዞር አያዋጣም፣ ውኃ ውስጥ ሲዞር ፍሬን ይሆናላ!

ዓይንም ቢሆን አያርፍም። ሸራው ላይ የተለጠፉ ቀጫጭን ክሮች አሉ፤ በሁለቱም ገጽ ወደ ኋላ ቀጥ ብለው ከተዘረጉ ነፋሱ በሸራው ላይ በደንብ እየፈሰሰ ነው ማለት ነው። ራቅ ብሎ ደግሞ ውኃው ጠቆር ብሎ የተሸበሸበበት ቦታ ይፈለጋል። ነፋሱ ያለው እዚያ ነው። ቀድሞ ያየ ቀድሞ ይደርሳል።

ትልቁ ፈተና ግን ሌላ ነው። ሸራውን እንደ ማራገቢያ ደጋግሞ መሳብና መልቀቅ፣ ጀልባዋን ማወዛወዝ ወይም መሪውን እያርገበገቡ እንደ መቅዘፊያ መጠቀም ወደ ፊት ይገፋል። የስፖርቱ ደንብ ቁጥር 42 ደግሞ በመሠረቱ ይህን ይከለክላል፤ ጀልባ መሄድ ያለባት በነፋስና በውኃ ነው። ዳኞች በጀልባ እየተከተሉ ይመለከታሉ፤ ያጠፋ ፊሽካ ይነፋበትና ቢጫ ባንዲራ ይወጣበታል። ለመጀመሪያ ጥፋት የተለመደው ቅጣት ሁለት ጊዜ ዞሮ መቀጠል ነው። ነፋስ በሌለበት ሁለት ዙር መዞር ምን ማለት እንደሆነ አስቡት እንግዲህ!

«ታዲያ ከዚህ ምን ዜና ይወጣል?» ለሚለኝ አንድ ታሪክ ልንገረው። መስከረም 2013 (እ.ኤ.አ.) ሳን ፍራንሲስኮ ላይ በተካሄደው «የአሜሪካ ዋንጫ» የኒውዚላንድ ቡድን 8 ነጥብ ይዞ ለዋንጫው አንድ ድል ብቻ ቀርቶት ነበር። በ13ኛው ውድድር ነፋሱ ደከመ። ኒውዚላንዶች በሰፊ ርቀት እየመሩ ወደ መጨረሻው መስመር ሲቃረቡ የተወሰነው 40 ደቂቃ አለቀና ውድድሩ ተሰረዘ። በዚያው ዕለት በድጋሚ ሲካሄድ አሜሪካዊው የኦራክል ቡድን አሸነፈ። ከዚያም ተከታታይ ድል እየጨመረ መስከረም 25 ቀን 9 ለ 8 በሆነ ውጤት ዋንጫውን ወሰደ። ያን ዕለት «ነፋስ የለም» ብሎ ብዕሩን የከደነ ዘጋቢ ምን እንዳመለጠው መገመት አያቅትም።

አንዱ የክፍል ጓደኛዬ «ባሕር በሌለው አገር ይህ ምን ይሠራልናል?» ብሎ ሳቀብኝ። ነገሩ ሙሉ በሙሉ ስህተት ነው አልልም፤ ነፋስ በዓይን አይታይም፣ ተመልካችም በማያውቀው ነገር ቢሰለቸው አይፈረድበትም። ግን እኛ ራሳችን የ10 ሺህ ሜትር ሩጫ ሲቀዘቅዝ ቴሌቪዥኑን እንዘጋለን እንዴ? በፍጹም! ማን ከማን ኋላ እንደተደበቀ፣ ማን ጉልበቱን እንደቆጠበ እያየን ትንፋሻችንን እንይዛለን። ይህን ማየት የቻልነው ዓመታት ሙሉ የነገሩን ሰዎች ስለነበሩ ነው። ለተመልካቹ የማይታየውን ማሳየት ካልቻልን እኛ ለምን እናስፈልጋለን?

ዘገባዬን እንደገና ጻፍኩት፤ ሁለት ገጽ ሞላ። ውጤቴ እንኳ አልተሻሻለም፣ ቀኑ አልፏል ተባልኩ። የመምህራችን ጥያቄ ግን አሁንም ከደብተሬ ሽፋን ላይ ተለጥፋለች። «ምንም አልተፈጠረም» ብዬ ልጽፍ ስል መጀመሪያ እሷን አነባለሁ።